ሆን ተብሎ ሰው ላይ የሚወረወር ኳስ በአማርኛ ምን ይባል?

ቃል ፈላጊ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ስለ ቤዝቦል አጭር ዝግጅት እየጻፍኩ ነው። አድማጮቼ ልጆቻቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የሚጫወቱ ወላጆች ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ዳር ይቀመጣሉ፣ ጨዋታው ግን እስካሁን አልገባቸውም። ያስቸገረኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የዋንጫው ፉክክር በጋለበት ሰሞን የአንድ ቡድን ተጫዋች በኳስ ይመታል፤ የቡድኑ ማናጀር ደግሞ የእሱ ወርዋሪ በተራው የባላጋራውን መቺ፣ ማለትም ዱላ ይዞ ኳሷን የሚጠብቀውን ተጫዋች፣ በኳስ እንዲመታ ያደርጋል። ጸሐፊው ይህን ክፉኛ ይነቅፋል። እኔ «ሥራ አስኪያጁ የበቀል ውርወራ አዘዘ፤ የፍርድ ስሕተት ነው» ብዬ ጻፍኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው ሁሉም ነገር ቆረቆረኝ።

የቦስተኑ፦
ከቀላሉ ልጀምር። ሥራ አስኪያጅ አትበለው። ቢሮ ተቀምጦ ተጫዋች የሚያስፈርምና የሚሸጥ ሌላ ሰው አላቸው፤ ሥራ አስኪያጅ ሊባል የሚገባው እሱ ነው። የቤዝቦሉ ማናጀር በእግር ኳስ አሰልጣኝ የምንለው ሰው ነው፤ ያውም በስተርጅናው እንደ ተጫዋቾቹ መለያ ለብሶ ነው የሚቀመጠው። «አሰልጣኝ» በል፣ ሁሉም ይገባዋል።

ነገሩ ለምን ከባድ እንደሆነ ግን ለአድማጮችህ ንገራቸው። ወርዋሪው ከመቺው 18.44 ሜትር ይርቃል። ኳሷ 145 ግራም ገደማ ነች፣ ጠንካራ ነች፣ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ስትወረወር መቺው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1920 የክሊቭላንዱ ሬይ ቻፕማን የኒውዮርክ ያንኪሱ ካርል ሜይስ የወረወራት ኳስ ራሱን መትታው በማግስቱ ሞቷል። ያኔ የራስ ቁር የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለቱ ቡድኖች በዚያው ሰሞን ለሊጉ ዋንጫ አንገት ለአንገት ተናንቀው ነበር።

ሰምና ወርቅ፦
«በቀል» ስሕተት አይደለም፤ ግን በቀል ልብ ውስጥ የሚያድር ነገር ነው። ቂም የቋጠረ ሰው ይበቀላል። እዚህ ጨዋታ ላይ ወርዋሪው ለሚመታው ሰው ቂም ላይኖረው ይችላል፤ ምናልባትም ወዳጁ ነው። የሚወረውረው ስለ ጓደኛው ነው። «አጸፋ» ደግሞ የዜና ቃል ሆኗል፤ «የአጸፋ እርምጃ» ሲባል እኔ የሚታየኝ ሚሳይልና ቀረጥ ነው። እኔ ብሆን «ብድር መመለስ» እል ነበር። ብድር በደጉም በክፉውም ይመለሳል። ዕዳ ስለሆነ ያልመለሰ ሰው ያፍራል። ጓደኛው ተመትቶ እጁን ያጣጠፈ ወርዋሪም በገዛ ቡድኑ ፊት እንደሚያፍር ሰምቻለሁ።

የቦስተኑ፦
ልክ ነዎት ጋሼ። የዶጀርሱ ወርዋሪ ዶን ድራይስዴል «ከእኛ አንድ ከተጣለ ከእነሱ ሁለት» የሚል የራሱ ደንብ ነበረው። ብድሩን ከነወለዱ ይመልስ ነበር ማለት ነው። በተጫወተበት ዘመን ሁሉ 154 መቺዎችን በኳስ መትቷል።

እቴ ፊደል፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ብድር የሚከፈለው ላበደረው ሰው ነው። እዚህ የሚመታው ግን ብዙ ጊዜ ምንም ያላደረገ ሰው ነው! ከሁለቱ ትላልቅ ሊጎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ ከ1973 ጀምሮ ወርዋሪ ዱላ ይዞ አይቆምም፤ በእሱ ፈንታ የሚመታ ሰው ይመደባል። ሌላው፣ ናሽናል ሊግም በ2022 ይህንኑ ለዘለቄታው ተቀብሏል። ስለዚህ ጥፋተኛው ወርዋሪ ለኳስ አይገኝም፤ ጓደኛው ይመታለታል። ይህን የእኛ ሰው ድሮ ጨርሶታል፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

እውነቱን ለመናገር በስሜት የሚቀርበው «ደም መመለስ» ነው። ደም መላሽ ገዳዩን ካጣ ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ይፈልጋል፤ ለታወቀ ሰው ደም ደግሞ የታወቀ ሰው ነው የሚታሰበው።

የቦስተኑ፦
እቴ፣ ይህቺ የመጨረሻዋ ነገርሽ ትክክል ናት። በኦገስት 2014 የፒትስበርጉ ወርዋሪ ኤርኔስቶ ፍሪዬሪ የአሪዞናውን ፖል ጎልድሽሚትን እጁን መታውና አጥንቱ ተሰበረ፤ የዓመቱ ጨዋታ በዚያው አበቃበት። በማግስቱ አሪዞናዎች ማንን መቱ? ፍሪዬሪን አይደለም፤ ተራ ተጫዋችም አይደለም። የፒትስበርግን ኮከብ አንድሩ ማካቸንን፣ ያለፈውን ዓመት የሊጉን ምርጥ ተጫዋች፣ ጀርባው ላይ መቱት። ኮከብ በኮከብ። ማካቸን በሚቀጥለው ቀን ጎድኑ አካባቢ ታመመና ከሁለት ሳምንት በላይ ከሜዳ ራቀ፤ ያቺ ኳስ ናት ያመጣችው ወይስ አይደለችም የሚለው ብዙ አከራክሯል። ፒትስበርግ ምድቡን በ2 ጨዋታ ብቻ ለሴንት ሉዊስ አስረከበ። አሪዞና በዚያ ዓመት 98 ጊዜ ተሸንፎ ከሁሉም መጨረሻ ነው የወጣው፤ ምንም የሚያጣው ነገር አልነበረም። አሰልጣኙ ከርክ ጊብሰን ወቅቱ ሳያልቅ ተሰናበተ።

ሰምና ወርቅ፦
ልጄ እቴ፣ ቃሉስ ደርሷል፤ ለሬዲዮ ግን ይከብዳል። «ደም መመለስ» ሲባል የሰማ አድማጭ ሬሳ ነው የሚጠይቅህ። ደም ያለበት አገር የመጣ ሰው በዚህ ቃል አይጫወትም። ዳውላው ግን ይግባ፤ ደስ ይላል።

ቃል ፈላጊ፦
ዳውላውን ወስጃለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጉዳት ሳይደርስ ለማስፈራራት ብቻ በአገጭ ሥር የሚሰዷትን ኳስ እንግሊዝኛው በሙዚቃ ይጠራታል። «የአገጭ ሙዚቃ» ልበል?

እቴ ፊደል፦
ቫዮሊን የሚመታ ሰው ነው የሚታየኝ። «አገጩ ሥር አሳለፈበት» በል፣ አበቃ። ግን ሁለቱን አትደባልቅ። ማስፈራሪያዋ መቺው አጠገቡ ወደሚቆምበት መሬት ላይ ወዳለው ሰሌዳ እንዳይጠጋ የምትሰደድ ናት፤ የጨዋታው አካል ናት። ብድሯ ግን ሥጋ ፈልጋ ነው የምትሄደው።

የቦስተኑ፦
ዳውላው ሁልጊዜ አይሠራም። አህያዋ ራሷ የተገኘችበት ጨዋታ አለ፣ ከሁሉም የሚገርመኝም እሱ ነው። ኦገስት 12 ቀን 1984፣ አትላንታ። እንግዳው ሳንዲያጎ ፓድሬስ ምድቡን በሰፊ ልዩነት ይመራል። የአትላንታው ወርዋሪ ፓስኩዋል ፔሬስ ገና በጨዋታው የመጀመሪያ ውርወራ አለን ዊጊንስን ጀርባው ላይ አገኘው። ያን ጊዜ በናሽናል ሊግ ወርዋሪም ተራው ሲደርስ ዱላ ይዞ ይቆም ነበርና የፓድሬስ አሰልጣኝ ዲክ ዊሊያምስ ሌላ ሰው መፈለግ አላስፈለገውም። በሁለተኛው ዙር (ዙር ማለት ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ የሚመቱበት ነው) ፔሬስ ላይ ተወረወረ፤ ዘለለና አመለጠ። በአራተኛው ተወረወረ፤ አመለጠ፤ ወርዋሪውም ዊሊያምስም ተባረሩ። በስድስተኛው እንደገና፤ አሁንም አመለጠ። በስምንተኛው ክሬግ ሌፈርትስ የሚባል አራተኛውን ሙከራ አሳካ። የሁለቱም ቡድን ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ሜዳው ላይ ተናነቀ። በዘጠነኛው አትላንታዎች በፈንታቸው ግሬግ ኔትልስን መቱ፣ ጠቡ እንደ አዲስ ተነሣ፤ ተመልካቾችም ዘለው ገቡበት።

አንድ ሰው ለመምታት ስምንት ዙር! አትላንታ 5 ለ 3 አሸነፈ። ዊሊያምስ 10 ሺህ ዶላር ተቀጣ፣ ለ10 ቀንም ታገደ። የአትላንታው አሰልጣኝ ጆ ቶሪም እገዳ ደርሶታል።

ቃል ፈላጊ፦
ጥሩ፣ ወደ ሁለተኛው ችግሬ ወሰድከኝ። ይህን የዊሊያምስን ሥራ ምን ልበለው? «የፍርድ ስሕተት» አይሆንም?

እቴ ፊደል፦
አይሆንም። «ፍርድ» በአማርኛ ችሎት ይሸታል። «የፍርድ ስሕተት» ስትል ንጹሕ ሰው ታስሯል፣ ይግባኝ ሊጠየቅ ነው። ከዚያ አለፍ ብለህ «ፍርደ ገምድል» ካልክማ ጉቦ በልቷል ማለትህ ነው። «ስሕተት»ም ለብቻው አይበቃም፤ ስሕተት የሚታወቀው በውጤቱ ነው። የቦስተኑ እስኪ ንገረን፣ ፓድሬስ ያን ዓመት ምን ሆነ?

የቦስተኑ፦
ሆ! ምድቡን በ12 ጨዋታ ልዩነት ወሰደ። ከዚያም የቺካጎውን ካብስን አሸንፎ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የናሽናል ሊግን ዋንጫ አገኘ።

እቴ ፊደል፦
ይኸው። በውጤት ካየኸው ዊሊያምስ አልተሳሳተም። ጥፋቱ ያለው ከውጤቱ በፊት ነው። አንድ ጨዋታ ሊሸነፍ፣ ወርዋሪዎቹ ሊባረሩ፣ ሰው ሊሰበር እንደሚችል እያወቀ ሚዛኑን ዘወር ብሎ አላየውም። ስለዚህ «ማመዛዘን ማጣት» ነው ቃሉ፤ ሚዛኑ ውስጡ አለ። «አለማስተዋል» ሰውየውን ይሰድበዋል። «ችኮላ»ም እዚህ አይሆንም፤ ስምንት ዙር ታግሦ የጠበቀ ሰው ቸኮለ አይባልም!

ሰምና ወርቅ፦
ተረትስ? «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» አለልን። ወይም «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች»።

እቴ ፊደል፦
የቆጡ የሚሆነው ተጨማሪ ጥቅም ለፈለገ ሰው ነው፤ ብድር መላሽ ክብሩን ነው የሚፈልገው። የበሬው ይሻላል። ብድር መመለስ እንደ ሣሩ ያጓጓል።

የቦስተኑ፦
ለበሬው ከ1984ቱ ይልቅ 1965 ይመቻል። ሳን ፍራንሲስኮ ጃየንትስና ዶጀርስ ለዋንጫው ተናንቀዋል። ኦገስት 22 ቀን የጃየንትሱ ወርዋሪ ሁዋን ማሪሻል የዶጀርስን መቺዎች በቅርብ በሚያልፉ ኳሶች ያስፈራራል። ማሪሻል ራሱ ዱላ ይዞ ሲቆም ብድሩን የመለሰው ወርዋሪው ሳንዲ ኩፋክስ አልነበረም፤ ከመቺው ጀርባ ተቀምጦ ኳስ የሚይዘው ቀላቢ ጆን ሮዝቦሮ ኳሷን ወደ ኩፋክስ ሲመልስ በማሪሻል ጆሮ ሥር አሳለፋት። ማሪሻል ዞሮ በዱላው ሮዝቦሮን ራሱን መታው፤ 14 ስፌት ተሰፋ። ጃየንትስ የዚያን ቀን አሸነፈ፤ ሳሩ ማለት ነው። ማሪሻል ግን ታገደ፣ 1,750 ዶላርም ተቀጣ። ዓመቱ ሲያልቅ ዶጀርስ ዋንጫውን የወሰደው በ2 ጨዋታ ልዩነት ነው። ጃየንትስ በዚያ ዓመት 22 ጨዋታ ያሸነፈላቸው ወርዋሪ በእነዚያ ቀናት ቢኖራቸው ምን ይሆን ነበር የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በነገራችን ላይ ሁለቱ ሰዎች በኋላ ታርቀዋል፤ ሮዝቦሮ በ2002 ሲሞት ማሪሻል ከክብር ሬሳ ሸኚዎች አንዱ ነበር።

ሰምና ወርቅ፦
ዕርቅ ካለማ «ደም» ያልሽው ቃል ትንሽ ነፍስ ዘራ። ሽማግሌ ማን ነበር ብዬ ልጠይቅ ነበር፣ ግን ከርእሳችን እንዳንወጣ።

ቃል ፈላጊ፦
ጋሼ፣ «የዋንጫ ፉክክር» ያልኩትስ? እንግሊዝኛው ባንዲራ ነው የሚለው።

ሰምና ወርቅ፦
የሊጉ አሸናፊ የሚሰቅለው ሰንደቅ ነው አሉ። ለአድማጭ ዋንጫ ይበቃዋል፤ ነገር ግን «የሊጉ ዋንጫ» በል። ዝም ብለህ ዋንጫ ካልክ በመጨረሻ ሁለቱ ሊጎች የሚገናኙበትን ዎርልድ ሲሪስ ይመስለዋል።

ቃል ፈላጊ፦
እንግዲህ እንዲህ አረቅሁት፦ «ለሊጉ ዋንጫ የሚደረገው ፉክክር በጋለበት ሰሞን አሰልጣኙ የተጫዋቹን ብድር ለመመለስ ሲል ወርዋሪው የባላጋራውን መቺ ሆን ብሎ እንዲመታው አደረገ፤ ሳያመዛዝን።»

እቴ ፊደል፦
«ሳያመዛዝን» መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሏል፤ «አሰልጣኙ ሳያመዛዝን» ብለህ ወደ ፊት አምጣው። «እንዲመታው» ካልክ «መቺውን» በል እንጂ «መቺ» ብለህ አትተወው።

የቦስተኑ፦
«ሆን ብሎ» ያልካትንም ተጠንቀቅ። ኳሷ ከእጄ አመለጠችኝ ይላሉ፤ ዳኛውም የልባቸውን አያውቅምና አስቀድሞ ሁለቱንም ወገን ያስጠነቅቃል፣ ከዚያ በኋላ የደገመውን ከነአሰልጣኙ ያባርራል። አፉን ሞልቶ ያመነ ሰው ብትፈልግ የእናንተው ሰፈር ታሪክ ነው፦ የፊላደልፊያው ኮል ሃመልስ በሜይ 2012 የዋሽንግተኑን ብራይስ ሃርፐርን ሆን ብዬ ነው የመታሁት አለ። 5 ጨዋታ ታገደ። ሃርፐር በዚያች ኳስ አንደኛ ቤዝን፣ ማለትም ነጥብ ለማግባት የሚሮጥ ሰው የሚያርፍበትን የመጀመሪያ ማረፊያ፣ በነጻ አገኘ፤ እየተሻገረ ሦስተኛ ደረሰ፤ ከዚያም ሃመልስ ዘወር ሲልለት ሮጦ ነጥቡን ሰረቀው።

ቃል ፈላጊ፦
እንዲያውም የዝግጅቴ መክፈቻ እሷ ትሁን። ለአድማጮቼ ሃርፐርን ያውቁታል፤ ማሪሻልን ለሁለተኛው ክፍል አቆየዋለሁ።

እቴ ፊደል፦
«አድማጮቼ» በል። «ለ»ዋ ትውጣ።