ለቢሮ ሬንደር ፋርም (ሬንደር ለሚካፈሉ ኮምፒውተሮች ስብስብ) ሰርቨር መግዛት ግድ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገን። አዲስ አበባ፣ አንድ የአርክቴክቸር ቢሮ ነው የምሠራው። 6 ዲዛይነሮች ነን፣ ሁላችንም ብሌንደር (የ3ዲ ሶፍትዌር) ላይ። የ30 ሰከንድ አኒሜሽን ሬንደር ሲገባ (የ3ዲ ሞዴሉ ወደ ምስል ሲቀየር) የአንዱ ኮምፒውተር ሁለት ቀን ይታሰራል፣ ባለቤቱም ቡና ሲጠጣ ይውላል። ማታ ግን ሌሎቹ ማሽኖች ዝም ብለው ነው የሚያድሩት። አለቃዬ «ሰርቨር እንግዛ» ይላል። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦ ኧረ ገና ምንም አትግዙ! ፍላሜንኮን ሞክሩ፣ የብሌንደር ሰዎች የሠሩት ነው፣ ነፃ ነው። አንዱ ማሽን ላይ ማናጀሩን (ሥራ አከፋፋዩን)፣ ሁሉም ላይ ወርከሩን (ሠሪውን) ታስነሳለህ፣ ከዚያ ሥራውን በፍሬም (በነጠላ ምስል) እየቆራረጠ ያድላል። 30 ሰከንድ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ 750 ምስል ነው፣ ማሽኖቹ እኩል ጉልበት ካላቸው ለእያንዳንዱ 125 ይደርሰዋል። ፋይሉም ቴክስቸሩም (ግድግዳና ወለል ላይ የሚለበጠው ምስል) ግን ሁሉም በሚያዩት አንድ የጋራ ፎልደር ይቀመጥ። እኛ ጋ ቴክስቸሩ የአንዱ ልጅ ዴስክቶፕ ላይ ቀርቶ፣ ጠዋት ስንገባ የቪላው ግድግዳ በግማሹ ፍሬም ላይ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ጠበቀን። ደንበኛው ሳያይ ደረስንበት።

መልስ 2፦ የብሌንደሩ ቨርዥን ሁሉም ላይ አንድ ይሁን። ደግሞ በቀጥታ ወደ ኤምፒ4 እንዳታወጡ! መብራት እልም ሲል ሙሉ ቪዲዮው ሊበላሽ ይችላል። በፒኤንጂ ወይም በኢኤክስአር (እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው የምስል ፋይል ሆኖ) ካወጣችሁ የሚጠፋው የተጀመረው ፍሬም ብቻ ነው። ዋይፋዩንም እርሱት፣ ጊጋቢት ስዊች (ማሽኖቹን በኬብል የሚያገናኝ ዕቃ) እና ኬብል ተጠቀሙ።

ጠያቂ፦ ሮዙ ግድግዳ ገደለኝ 😂 ዛሬ ማታ በሁለት ማሽን እሞክረዋለሁ። ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ የሚያቆየውን ባትሪ) ማናጀሩ ያለበት ማሽን ላይ ነው የምሰካው አይደል?

መልስ 2፦ እሱና የጋራ ፎልደሩ ያለበት ላይ። ስዊቹንም እንዳትረሳ።