ሁለት ጉድጓድ፣ ሁለት መልስ፦ የበረዶ ናዳ ላይ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በበረዶ ወቅት ተራራ ለመውጣት ስለ ናዳ ጥንቃቄ እየተማርኩ ነው። አንድ ነገር ላይ ግን ተቸክዬ ቀረሁ።

መሠረታዊው ነገር ገብቶኛል። አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ሲግናል ማስተላለፊያ (በናዳ የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም መሣሪያ)፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ሳይዙ መውጣት የለም። ዋናው ጣጣዬ በረዶው ውስጥ ደካማ ሽፋን መኖር አለመኖሩን ለማየት የሚደረገው የጉድጓድ ሙከራ ነው።

በረዶውን ቆፍሬ 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ዓምድ እለያለሁ። አካፋዬን አናቱ ላይ አድርጌ በእጄ 10 ጊዜ ከአንጓ፣ 10 ጊዜ ከክርን፣ 10 ጊዜ ከትከሻ እመታለሁ። አንዱ ዓምድ ገና ክርን ላይ ሳለሁ ሸርተት ብሎ ወጣ። ከሥሩ እንደ ስኳር የሚበተን፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ ሽፋን አለ። የተላቀቀበት ገጽ ደግሞ ልሙጥ ነው። ትንሽ ራቅ ብዬ ስደግመው ግን እስከ መጨረሻው ምት ንቅንቅ አላለም! ያው አንድ ተዳፋት፣ ያው አንድ ቀን።

ታዲያ የቱን ልመን? መጥፎው ውጤት ሁልጊዜ ያሸንፋል? ወይስ የዓምዱን ስፋት 90 ሴንቲሜትር አድርጌ፣ ደካማው ሽፋን ላይ የሚነሳው ስንጥቅ ዳር እስከ ዳር መሄዱን ብቻ ልይ?

«ኮርስ ውሰድ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ተመዝግቤያለሁ። እስከዚያው ቁልቁለቱ ቀላል የሆነ ተዳፋት ላይ ነው የምለማመደው። ሌላም አለኝ፦ ለመቆፈር ስትሉ ራሳችሁን አደጋ ላይ ሳትጥሉ፣ ትክክለኛውን ተዳፋት የሚወክል ቦታ እንዴት ትመርጣላችሁ?