ሐረጎ ላይ የምታኮርፍ ቮልስ

ሰላም ወገኖች፣ የአሮጌ ቮልስ ነገር የምታውቁ እርዱኝ። ከአባቴ የወረስኳት፣ በፈረንጆቹ 1965 የተሠራች ቮልስ አለችኝ። ደሴ ውስጥ ሸጋ ናት። ከኮምቦልቻ ስመለስ ግን ሐረጎ ዳገት ላይ ሁለት ሦስቴ ትስልና ድርግም ትላለች። ግማሽ ሰዓት ካረፈች ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ አባት ጀሪካን ይዘው መጡ። «አብሽር ልጄ፣ ውሃ ጠምቷት ነው» ብለው የፊቱን ኮፈን አስከፈቱኝ። ያገኙት ትርፍ ጎማና የእናቴን በርበሬ ነው! ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚያቀዘቅዛትም አየር ነው ስላቸው ሳቃቸውን ለቀቁት። ውሃው ግን አልባከነም። ጨርቅ ነክረን የነዳጅ ፓምፑ ላይ ጠመጠምንና ተነሳች። በማግስቱ ያንኑ ብደግመው እምቢ አለች።

የማቀጣጠያ ዕቃዎቹን፣ ካንዴላና ፑንቲና፣ ቀይሬያለሁ። መካኒኩ ካርቡራተሩን ሁለቴ ፈታው፣ ለውጥ የለም። የምጠረጥረው ወይ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ በሙቀት እየተነነ ነው፣ ወይ ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚልከው ቦቢና ሲግል ይደክማል። መንገድ ላይ ስትጠፋብኝ የትኛው እንደሆነ እንዴት ልለይ? ባለ 6 ቮልት ናት፤ የሚሆናት ቦቢና ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ያያችሁም ጠቁሙኝ። «ሽጣት» የምትሉ ግን ይቅርባችሁ፣ እናቴ ትሰማለች።