ከሰማይ የመጣ ሁሉ ጠላት ነው? የኤሊየን ፊልም ለልጆቻችን ይታይ ወይስ ይቁም

አስተርጓሚዋ፦
ጎረቤቶቼ፣ እንዴት አመሻችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ የሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ላላያችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ልጆቹ እንደተለመደው ኮሚናሉ (የጋራ ቤታችን) ውስጥ በፕሮጀክተር ፊልም ሲያዩ ነበር። ፊልሙ ኤሊየኖች፣ ማለትም የሌላ ዓለም ፍጡራን፣ ከሰማይ መጥተው ከተማ የሚያቃጥሉበት ነው። አልቆ ሲወጡ በየረር ተራራ በኩል ተሰልፈው የሚሄዱ መብራቶች ሰማይ ላይ አዩ። አንዱ ልጅ "መጡ!" ብሎ ጮኸ። ሁሉም ወደ ደረጃው ሮጡ። ተገፋፍተው ሁለት ልጆች ወደቁ፤ የአንደኛዋ እጅ ወለም ብሏል። አሁን ኮሚቴው እሁድ ተሰብስቦ "የኤሊየን ፊልም ከእንግዲህ በግቢያችን አይታይም" ሊል ነው። ከዚያ በፊት እዚሁ ግሩፓችን ላይ እንከራከርበት።

የራሴን ላስቀድም። እኔ ይከልከል አልልም። ግን የሚታየው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ያሳስበኛል። ይመጣሉ፣ ይገድሉናል፣ እንገድላቸዋለን፣ አለቀ። ልጄ የዚያን ቀን ማታ "እማዬ፣ ሲመጡ በምን እንገድላቸዋለን?" አለችኝ። "በምን እናናግራቸዋለን?" አላለችኝም። ሥራዬ የምልክት ቋንቋ ማስተርጎም ነው። በየቀኑ መግባባት ባቃታቸው ሰዎች መሃል ነው የምቆመው። ሰው ሳይግባባ ሲቀር መጀመሪያ ይፈራል፣ ቀጥሎ ይቆጣል። ይህን ስንቴ አይቻለሁ። እኛ ደግሞ መሽቶበት በር ላይ ቆሞ "የእግዜር እንግዳ ነኝ" ላለ ሰው "ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ" ስንል የኖርን ሰዎች ነን። ልጆቻችን ይህን ትተው ያንን ለምን ይማራሉ?

ፊልም የሚያሳየው ልጅ፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ የወደቁትን ልጆች ወላጆች ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሩ ላይ ሰው ማቆም ነበረብኝ።

ግን ልጆቹ ኤክሽን ካልሆነ ይበተናሉ። ፊልሙን የማመጣው በፍላሽ ገልብጬ ነው፤ የሚገኘውም እሱ ነው። ደግሞ "ሁሉም አንድ ዓይነት ነው" ያልሽው ላይ አልስማማም። ከጥንት ጀምሮ ሁለቱም መንገድ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1902 ፈረንሳዊው ሜሊየስ ስለ ጨረቃ ጉዞ የሠራውን ፊልም እዪው። ጨረቃ ድረስ ሄደው ነዋሪዎቹን በጃንጥላ እየመቱ የሚያጠፉት ሰዎቹ ናቸው። ወራሪዎቹ እኛ ነን ማለት ነው። በ1951 የወጣው "ዘ ደይ ዘ ኧርዝ ስቱድ ስቲል" ላይ እንግዳው ገና ከመርከቡ ወርዶ ስጦታ ሲያወጣ ወታደር ተኩሶ ያቆስለዋል። በ1982 ደግሞ "ኢ.ቲ." መጣ፤ እሱን ደብቀው ያኖሩት ልጆች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1979 በወጣው "ኤሊየን" ላይ ያንን አስፈሪ ፍጡር ልብሱን ለብሶ የተጫወተው ቦላጂ ባዴጆ የሚባል ናይጄሪያዊ ነው። ለንደን የሚማር፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር ያለፈ ወጣት ነበር። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ፊልሙን በሌላ ዓይን ነው ያዩት። ፍርሃቱ ወዲያው ቀለላቸው። መከልከል ሳይሆን መንገር ነው የሚያስፈልገው።

ሚኒባስ ሹፌሩ፦
ልጆቹን የጣላቸው ጨለማ ነው። የዚያ ደረጃ አምፖል ከተቃጠለ ስንት ጊዜው ነው? ስለ ፊልሙ እናንተ ተከራከሩ፣ አምፖሉን ግን ነገ ገዝቼ እመጣለሁ።

ዲያቆኑ፦
እኔ ይቁም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ስሙኝ። ልጆቹ የሚያዩት ትርጉም ፊልም ነው። ተራኪው ኤሊየኑን አንዴ "ሰይጣኑ"፣ አንዴ "ጭራቁ" ይለዋል። ከዚያ ልጆቹ እኔ ጋ መጥተው "ኤሊየን ማለት የወደቁት መላእክት ናቸው?" ይሉኛል። አንዱ ትልቅ ልጅ እንዲያውም "መጽሐፈ ሄኖክ ላይ ተጽፏል" ብሎ አስረድቷቸዋል። ሄኖክ ሙሉውን ተጠብቆ የቆየው በእኛው በግእዝ ነው። ትጉሃን የተባሉት ሁለት መቶ መላእክት ወደ አርሞን ተራራ መውረዳቸውን ይናገራል፤ እውነት ነው። ለሰው ብረት መቀጥቀጥንና ዓይን መኳልን ማስተማራቸውንም ይናገራል። ግን እነሱ በመርከብ የመጡ የሌላ ዓለም ነዋሪዎች አይደሉም። ይህ የሃይማኖት ትምህርት ነው፣ ያኛው ልብ ወለድ። ሲቀላቀል ልጁ ሁለቱንም ያጣል። ትልቅ ሰው ለይቶ ያያል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን አይለይም።

የፊዚክስ መምህሩ፦
ዲያቆን፣ ስለ መቀላቀሉ ያልከው ልክ ነው። በሳይንሱም በኩል ያው ችግር አለ።

ቅዳሜ የታዩት መብራቶች ሳተላይቶች ናቸው። ስታርሊንክ የሚባሉት ብዙ ሆነው ባንድ ሮኬት ይወነጨፋሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሳይበታተኑ ተከታትለው ይሄዳሉ። ብርሃኑ የራሳቸው አይደለም፤ እኛ ዘንድ ከመሸ በኋላ እነሱ ከፍታ ላይ ስላሉ ፀሐይ ታገኛቸዋለች። የኢትዮጵያም ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ወደ ሰማይ መውጣቷን ልጆቹ ቢያውቁ ኖሮ መብራቱን አይተው ባልሸሹ ነበር።

ፊልሞቹ ላይ ትልቁ ቅሬታዬ ርቀቱን መሰረዛቸው ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የሚቀርበው ኮከብ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ብርሃን ራሱ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው። ቮዬጀር 1 የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። በዚያ ፍጥነት ያን ያህል ርቀት ለመሄድ ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ይህን መንገድ ማቋረጥ የቻለ ፍጡር ውሃችንን ሊዘርፍ መጣ ሲባል አይዋጥልኝም። ውሃ በየበረዷማው ጨረቃና ጅራታም ኮከብ ላይ ሞልቷል። እውነተኛው ፍለጋ ድምፅ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፍራንክ ድሬክ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሁለት ኮከቦችን አዳመጠ። ከዚያ ወዲህ ሲደመጥ ኖሯል፣ እስካሁን የተረጋገጠ መልስ የለም። በሌሎች ኮከቦች ዙሪያ ግን ከ5 ሺህ በላይ ፕላኔቶች ተገኝተዋል። ይህ ዝም ብሎ ማዳመጥ ለኔ ከየትኛውም ፊልም ይበልጥ ልብ ይሰቅላል። እንጦጦ አናት ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። ስንቶቻችሁ አይታችኋል? ፊልሙ ይታይ። ግን ልጆቹን እዚያም እንውሰዳቸው።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። ወራሪ ኤሊየን የሚያሳየው ፊልም ውሸት አይደለም። አባቴ ማይጨው ዘምተዋል፣ መጋቢት 22 ቀን 1928። ከአውሮፕላን ስለሚረጨው መርዝ እስኪሞቱ ድረስ ሲያወሩ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። "ዝናብ የሌለው ዝናብ" ይሉት ነበር። የሚወጋህን አታየውም፣ ጎራዴህ አይደርስበትም፣ ቆዳህ ግን ይላጣል። ልጆቹ በፊልም የሚያዩት ይኸው አይደለም?

ብዙ ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቻለሁ። የዚህ ሁሉ ፊልም አባት የሆነውን መጽሐፍ እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1898 አሳተመው። "የዓለማት ጦርነት" ነው። ማርሳውያን መጥተው እንግሊዝን በጥቁር የመርዝ ጭስ ይፈጃሉ። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ግን ጸሐፊው ቆም ይልና አንባቢውን ወቀሳ ይሰነዝርበታል። በማርሳውያን ከመፍረዳችን በፊት እኛ አውሮፓውያን በታዝማኒያ ሰዎች ላይ ያደረግነውን እናስታውስ ይላል። ታሪኩን የጻፈው ወራሪው ምን እንደሚመስል ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነው። ከ38 ዓመት በኋላ ያ ጭስ በእኛ ላይ ወረደ።

አስተርጓሚዋ ልጄ፣ ስለ መነጋገር የተናገርሽው ደስ ይላል። ግን ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ንግግሩ ተተረጎመ፣ ሁሉም ሰማ። ምን ተደረገ? ቋንቋ ጠፍቶ አይደለም። ስለዚህ ልጆች ፊልሙን ይዩ። መጠንቀቅን ይማሩ። የመጣው ሁሉ እንግዳ አይደለም።

አስተርጓሚዋ፦
ጋሼ፣ ያነበብኩትን ሁለቴ ደግሜ አነበብኩት። መልስ ለመጻፍም ጊዜ ወሰደብኝ። ስለ ጄኔቫው ያሉትን መካድ አልችልም። መተርጎም ብቻውን ሰውን ፍትሐዊ አያደርግም። እኔም ሥራዬ ላይ ቃል በቃል አስተርጉሜ የተነገረው እንዳልተነገረ ሲቆጠር አይቻለሁ።

ግን አንድ ነገር ልበል። መርዙን የረጩት ሰዎች ነበሩ። ዌልስም ለማለት የፈለገው ያንኑ ነው። ዛሬ ልጆቻችን የሚያዩት ፊልም ላይ ግን ያ ወቀሳ የለም። ተነጥሎ የቀረው ጭሱና ተኩሱ ነው። ወራሪውም ፊት የለውም፣ ስም የለውም፣ ለምን እንደመጣ እንኳ አይነገርም። ልጅ ከዚያ የሚወስደው መጠንቀቅን አይመስለኝም። የማያውቀውን ሁሉ መጥላትን ነው።

ሁለት ፊልሞች ልጥቀስ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው "ክሎዝ ኢንካውንተርስ" ነው። ሰዎቹና መርከቡ በአምስት የሙዚቃ ድምፆች ይነጋገራሉ። ለእያንዳንዷ ድምፅ የእጅ ምልክት አላት። መጨረሻ ላይ ሳይንቲስቱ ምልክቶቹን በእጁ ያሳያል፣ እንግዳውም በራሱ እጅ መልሶ ያሳየዋል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አለቀስኩ። መስማት የተሳነው ልጅ "ገባኝ" ብሎ ምልክቱን ሲመልስ የማየው ፊት ነዋ!

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው "አራይቫል" ነው። ዋናዋ ሰው ወታደር አይደለችም፣ የቋንቋ ምሁር ናት። እንግዶቹ ክብ ክብ እየሠሩ ይጽፋሉ። አንድ ቀን "መሣሪያ" የሚመስል ነገር ይጽፉና ዓለም ሁሉ ሊተኩስ ይነሳል። እሷ ግን "ቆይ፣ የጦር መሣሪያ ለማለት ነው ወይስ የሥራ መሣሪያ?" ብላ ትጠይቃለች። በእኛ አማርኛ ይህ ጥርጣሬ እንዴት እንደሚመች አያችሁ? "መሣሪያ" ስንል መዶሻም ክላሽም ነው። ፊልሙን በአማርኛ አስረዳቸው ብባል ይህቺን ቦታ ብቻ አንድ ሰዓት አወራላቸው ነበር።

ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰችው፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ጆሃንስበርግ ዘጠኝ ዓመት ሱቅ ነበረኝ። እንግሊዝኛው ላይ "ኤሊየን" ማለት መጀመሪያ የሰማይ ፍጡር ማለት አይደለም። የውጭ አገር ሰው ማለት ነው። በድሮው ሕጋቸውም ላይ የውጭ አገር ሰው እንደዚያ ነበር የሚጠራው። በሰፈር ደግሞ "ማክዌሬክዌሬ" ይሉናል፤ የማይገባ ቋንቋ የሚያወራ ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2008 ግርግሩ ሲነሳ 62 ሰው ሞተ። እኔ ሱቄን ዘግቼ ጣሪያ ላይ አደርኩ። ጠዋት ዕቃው አልነበረም።

በዓመቱ "ዲስትሪክት 9" ወጣ። መርከብ ጆሃንስበርግ ሰማይ ላይ ይቆማል፣ ውስጡ የተራቡ ፍጡራን ይገኛሉ፣ ቆርቆሮ ሰፈር ውስጥ አጉረው ያስቀምጧቸዋል። የቀረጹትም ሶዌቶ፣ ቺያዌሎ ነው። ከዚያ በፊት ዳይሬክተሩ ኒል ብሎምካምፕ አጭር ፊልም ሠርቶ ነበር። እዚያ ላይ ነዋሪዎች ስለ ኤሊየኖቹ የሚናገሩት ምሬት እውነተኛ ነው። የተጠየቁት ስለ ሌላ አገር አፍሪካውያን ነበር። ስለ እኛ ማለት ነው። ያንን ሳውቅ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። "ይሂዱልን" የሚለው ድምፅ የደንበኞቼ ድምፅ ነው።

ግን ያም ፊልም ንጹሕ አይደለም። ለኤሊየኖቹ አዝኖ ናይጄሪያውያኑን የኤሊየን ሥጋ የሚበሉ ወንበዴዎች አደረጋቸው። የናይጄሪያ ማስታወቂያ ሚኒስትር የነበሩት ዶራ አኩኒሊ ፊልሙ ከሲኒማ ቤቶች እንዲወርድ ጠይቀዋል፣ እውነታቸውን ነው። ለሰማዩ እንግዳ ልቡን ከፍቶ ለጎረቤቱ የዘጋ ፊልም ነው። ጋሼ፣ እርስዎ መጠንቀቅ አሉ። እኔ የሚያስፈራኝ የሚጠነቀቀው ጎረቤት ነው። ሱቄን የዘረፉት "ራሳችንን እየጠበቅን ነው" የሚሉ ሰዎች ናቸው።

ዲያቆኑ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን አላውቅም ነበር። አቋሜን ትንሽ ላስተካክል። ከ12 ዓመት በታች ላሉት አይታይ፤ ለትልልቆቹ አንድ አዋቂ ቆሞ እያስረዳ ይታይ። "ሰይጣኑ" የሚለው ትርጉም ግን በምንም መልኩ አይታይ።

ፊልም የሚያሳየው ልጅ፦
ተስማምቻለሁ፤ ትርጉሙን እኛው እናድርገው። አስተርጓሚ በመሃላችን አለች አይደል? በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ "ክራምብስ" የሚባል በአገራችን የተቀረጸ፣ በአማርኛ የሚነገር ፊልም አለ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፣ ዋናውን ሰው የተጫወተው ዳንኤል ታደሰ። ዝጎ ሰማይ ላይ ስንት ዘመን የቆመ መርከብ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ያሳያል። ለልጆች ይከብዳል፣ ለወጣቶቹ ግን ላመጣው እችላለሁ።

የፊዚክስ መምህሩ፦
አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1977 የተላኩት ሁለቱ ቮዬጀሮች ላይ በወርቅ የተለበጠ የድምፅ ሸክላ አለ። በ55 ቋንቋ ሰላምታ ተቀርጾበታል። ከአፍሪካ ሉጋንዳ አለ፣ ሶቶ አለ፣ ኛንጃ አለ። አማርኛ የለም። ሳውቅ ቅር ብሎኛል። ልጆቹ "እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?" ተብለው ቢጠየቁስ?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣሽው፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። አሁንም ግን አቋሜን አልተውኩም። ልጆቹ ማይጨውን ሳያውቁ ስለ ሰማይ እንግዳ ብቻ ከተነገራቸው ጎደሎ ነው። ሳሎን ውስጥ የአባቴ ፎቶግራፍ አለ። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት እሱን ይዤ መጥቼ ሩብ ሰዓት ላውራቸው። ከዚያ የእጅ ምልክቱን ፊልም አሳዩአቸው።

አስተርጓሚዋ፦
ጋሼ፣ እሁድ ለኮሚቴው ይህንኑ አቀርባለሁ። ከፈቀዱ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ፎቶውን ሁሉም እንዲያየው ፕሮጀክተሩ ላይ እናወጣዋለን። አምፖሉም ተቀይሯል፣ አሁን ሳልፍ አየሁት።