ሁለት ቀን በአዲስ አበባ፦ ሙዚየም፣ ሥዕልና ትያትር ከእናትና ከልጅ ጋር

ከሐዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በዐቢይ ጾም ውስጥ ዓርብና ቅዳሜን እናቴንና የ12 ዓመት ሴት ልጄን ይዤ አዲስ አበባ አሳልፋለሁ፤ እሁድ ማለዳ ተመላሾች ነን። ማደሪያችን ፒያሳ ነው። ከፎቅና ከገበያ ይልቅ ሙዚየም፣ ሥዕልና ትያትር ማየት ነው የምንፈልገው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። በምን ቅደም ተከተል ብንሄድ ሳንጉላላ እናያለን?

ስድስት ኪሎ፦
ዓርብን ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ ላለው መንገድ ስጠው፤ ግን ከላይ ጀምር። ሽሮ ሜዳ የሚል ታክሲ ስድስት ኪሎ ያወርዳችኋል፤ ከዚያ እስከ አራት ኪሎ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ቁልቁለት ነው። ከታች ከጀመራችሁ ዳገቱ ብቻውን እናትህን ያደክማታል።

3 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ድረሱ፤ መታወቂያ እንዳትረሱ፣ ጥበቃዎች ይጠይቃሉ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው እዚያ ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ የተገደሉበት ቤት ነው። ዕቃው የተደረደረው በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልጅነት ተነስቶ ሞት ላይ ያበቃል። ልጅህ ይህን አስቀድማ ካላወቀች ሁሉም ነገር የተደባለቀ ይመስላታል።

እዚያው ሙዚየም ፎቅ ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በችኮላ አትለፉት። ዓይኖቹን እንድትቆጥር ንገራት፦ በጥንቱ አሣሣል ቅዱሳኑ ፊታቸው ወደ ተመልካች ዞሮ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎቹ ግን በጎን ስለሚሣሉ ያላቸው አንድ ዓይን ነው። ይህን ካወቀች የትኛውም ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ግድግዳውን ራሷ ታነበዋለች።

ስትወጡ አደባባዩ ላይ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት አለ። ከሩቅ ፎቶ አንስቶ መሄድ ያሳዝናል። ዙሪያውን ዞራችሁ ከታች የተቀረጹትን ሰዎች ተመልከቱ፤ የ1929ኙ ጭፍጨፋ እዚያ ነው ያለው።

አምስት ኪሎ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ትኬት ቆራጭ ልታጡ ትችላላችሁ። ስለዚህ በዚያ ሰዓት በየዓይነቱ በልታችሁ፣ ብሔራዊ ሙዚየምን ለከሰዓት አድርጉት።

ድንቅነሽ ያለችው ምድር ቤት ነው፤ መውረጃው ደረጃ ነው። እናትህ መግቢያው ወለል ላይ የተቀረጸውን የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን ትልቅ ዙፋንና የአክሱም ዘመን ዕቃዎችን እያየች ትቆይ፣ አንተ ልጅህን ይዘህ ውረድ። ለእይታ የቀረበው የአጥንቱ ቅጂ መሆኑን ቀድመህ ንገራት፤ ብዙ ልጅ እዚያ ሲደርስ ቅር ይለዋል። በ1967 ሐዳር ላይ የተገኘው የአካሏ 40 በመቶ ያህል ነው። የድንቅነሽን ጉልበት አሳያት፦ የጭን አጥንቱ ወደ ውስጥ ዘመም ብሎ ይወርዳል። ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። ብልጭታ ያለው ፎቶ አታንሱ።

ጊዮርጊስ ሰፈር፦
ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው በቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት ነው። በጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ የሚገባው በቀትር ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ሥዕል ለማየት ብትመጡ ቅዳሴ ላይ ትደርሳላችሁ። ቅዳሜ ግን በጠዋት ስለሚያልቅ ቅዱስ ጊዮርጊስን ለቅዳሜ፣ 4 ሰዓት አካባቢ አድርጉት። ቀኑ 23 ላይ ከዋለ ወርኃዊ በዓሉ ነው፤ ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ሥዕል መመልከት አይሆንላችሁም። ሥላሴ ካቴድራልን ካሰባችሁ ደግሞ ቀኑ 7 ነው።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤት ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱም ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች አሉበት፤ መብራቱ ደብዘዝ ስለሚል ዓይናችሁ እስኪለምድ ጥቂት ቁሙ። ጫማ ይወልቃል፣ ስለዚህ ለእናትህ ወፍራም ካልሲ አትርሳ፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ነጠላም ለሁለቱም።

ለትያትር ሀገር ፍቅር ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ በ1927 ነው የተመሠረተው። ጠዋት ስታልፉ በሩ ላይ የተለጠፈውን አይታችሁ ሰዓቱን አረጋግጡና ትኬቱን ያኔውኑ ቁረጡ። መቀመጫ ስትመርጡ ወደ ፊትና ወደ መተላለፊያው ጠጋ ያለውን ያዙ፤ እናትህ እግሯን መዘርጋት ትችላለች።

ከሐዋሳ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አፍሪካ አዳራሽንስ በዚሁ መሃል ማስገባት ይቻላል?

ስድስት ኪሎ፦
በዚህ ጉዞ ተወው። ያለው በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ እንዲሁ በር ላይ ሄዶ መግባት የለም። የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ከእናትህ ጋር በጥድፊያ የሚታይ አይደለም። ከመምጣትህ ሁለት ሳምንት በፊት ጠይቀህ፣ ለብቻው ግማሽ ቀን ስጠው።