ክርክር፦ የኬሚካሉ ወረቀት ስቶር ውስጥ መኖሩ ሠራተኛውን «አሳወቅን» ያሰኛል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92፣ ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ በአግባቡ እንዲነገረው አሠሪውን ያስገድዳል። በአበባ እርሻ የእንግሊዝኛውን ኤምኤስዲኤስ (የኬሚካሉን አደጋና ጥንቃቄ የሚዘረዝረውን ወረቀት) ፋይል አድርጎ ማስቀመጥ ለዚህ ይበቃል?

የእርሻ ሥራ አስኪያጅ፦ ይበቃል ባይ ነኝ። አንዱ ኤምኤስዲኤስ ብቻ 16 ክፍል አለው። ያንን ሁሉ ወደ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ወላይትኛ ስንመልስ «0.5 ሚሊ ሊትር» በስህተት «5» ሆኖ ቢጻፍ ማን ይጠየቃል? ደግሞም ዕቃው ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስመር አለ። ቀለም ቋንቋ አይፈልግም።

የሥራ ላይ ደህንነት ባለሙያ፦ ቀለሙ የሚነግረን ኬሚካሉ ቢዋጥ ወይም ቆዳ ቢነካ ወዲያው ምን ያህል እንደሚመርዝ ነው። ቀስ ብሎ የሚመጣውን፣ ለምሳሌ ፅንስ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት አይናገርም። አረንጓዴ ያየ ሰው «ይሄ ምንም አይል» ብሎ ጓንቱን ያወልቃል። 16ቱም ክፍል ይተርጎም ያለ የለም፤ ስለ ማጓጓዝ የሚያወራው ክፍል 14 ለአበባ ቆራጭ ምን ይሠራላታል? ክፍል 2፣ 4፣ 7 እና 8 ማለትም አደጋው፣ የመጀመሪያ እርዳታው፣ አያያዙና መከላከያው በአንድ ገጽ ይበቃሉ።

ኬሚካሉ ከምን ጋር መቀላቀል እንደሌለበት የሚናገረውን ክፍል 10ንም እጨምራለሁ። የአበባ ባልዲ የሚታጠብበት በረኪና እና የመስኖ ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) የሚወርድበት ናይትሪክ አሲድ ከተቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሲዱ ከጄሪካን ወደ ሃይላንድ ሲገለበጥ ሌብሉ ጄሪካኑ ላይ ቀረ ማለት ነው። የተገለበጠበት ዕቃ ሁሉ ስሙና የአደጋው ምልክት ይለጠፍበት፤ የመጠጥ ዕቃ ከነጭራሹ አይነካ።

የርጭት ተቆጣጣሪ፦ ቆራጮቹን አትርሱ እንጂ። ጄሪካኑን በዓይናቸው አያዩትም፤ ለእነሱ ማስጠንቀቂያው የግሪንሃውሱ በር ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። እዚያ ላይ የኬሚካሉ ስም፣ ርጭቱ ያለቀበትና መግባት የሚቻልበት ቀንና ሰዓት ይጻፋል። ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው ሰዓቱ ላይ ነው። ረጪው «10:00» ሲል ከቀኑ አሥር ሰዓት ማለቱ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያነብ ሱፐርቫይዘር ግን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሠራተኛ ያስገባል። ስድስት ሰዓት ቀድሞ! «ከቀኑ አሥር ሰዓት» ተብሎ በፊደል ይጻፍ።

የእርሻ ሥራ አስኪያጅ፦ የሰሌዳውን ተቀብያለሁ፣ ነገ ማስተካከል ይቻላል። ትርጉሙን ግን አስመጪው ያቅርብ፤ ምርቱን የሚያውቀው እሱ ነው።

የሥራ ላይ ደህንነት ባለሙያ፦ ምርቱን ያውቃል፣ እርስዎ የት እንደሚበጠብጡትና ማን አጠገቡ እንደሚቆም ግን አያውቅም። አንቀጽ 92 የሚለው ደግሞ «አሠሪው» ነው። ማንበብ ለማይችል ሠራተኛ የተተረጎመው ወረቀትም አይሠራም። በሚሰማው ቋንቋ ይነገረው፣ ከዚያ «ዓይንህ ውስጥ ቢረጭ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ውሃው ጋ ሄዶ ያሳይ። ፊርማ መሰብሰብ መረዳቱን አያረጋግጥም። ለቫለንታይን ገበያ በጥር የሚቀጠሩትም ይህ ሳይደረግላቸው ግሪንሃውስ መግባት የለባቸውም።