ጥቆማ፦ ለአዘዞ ሱቅ የሚሆን ሶላር ከየት ልግዛ?

የማራኪዋ
ሰላም ወገኖቼ። እናቴ እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ትንሽ ሱቅ አላት። መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጅ ውስጥ ያለው ወተት ይበላሽባታል። ሦስት አምፖል፣ አንድ ትንሽ ፍሪጅና የስልክ ቻርጀር የሚችል ሶላር ልገዛላት ነው። ፒያሳ ሙሉውን ከነመግጠሚያው የሚሸጡ አሉ። ቅዳሜ ገበያ ደግሞ ፓነልና ባትሪ ለየብቻ ረከስ ብሎ አየሁ። እስቲ የተጠቀማችሁ ንገሩኝ።

የፒያሳ ልጅ
ምንም አትጨነቂ። ፒያሳ ግዢ። እኔ ከገዛሁ አራት ዓመት ሆነኝ፣ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ሰውየው ቤት ድረስ መጥቶ ነው የገጠመልኝ። ሌላ ቦታ እንዳትሄጂ።

ቀበሌ 18
ኧረ ተጠንቀቂ እህቴ! እኔ የደረሰብኝ ለማንም አይድረስ። 200 አምፔር ሰዓት የሚል ጄል ባትሪ ገዛሁ። በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ባጃጅ ላይ ጫንኩት። ስምንት ወር ሳይሞላው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ድርግም ማለት ጀመረ። ሻጩ ጋ ብመለስ «አያያዝህ ነው» አለኝ። የዋስትና ወረቀቱን ባወጣው ማህተም የለውም። ልጄ ለፈተና በሻማ አጠናች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንገረብ
የትኛው ሱቅ ነው? ተናገር እንጂ፣ ሌላውም ይዳን።

ቀበሌ 18
ስም አልጠራም። ማህተም የሌለው ወረቀት ይዛችሁ እንዳትወጡ ነው የምለው።

የፒያሳ ልጅ
የኔ ሰውዬ እንዲህ አያደርግም። እመሰክርለታለሁ።

ቀበሌ 18
ያንተ ባትሪ ስለሠራ የሁላችንም ይሠራል ማለት ነው? የጠፋው የኔ ብር ነው ወንድሜ!

ሎዛ
ቆይ፣ ሶላር ለምን አስፈለገ? ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቆ የለም እንዴ? 5,150 ሜጋ ዋት ይዘን አሁንም በሻማ? ጣና በለስስ እዚሁ አጠገባችን አይደል?

አንገረብ
እውነት ነው። ጣና በለስ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት ነው፣ ከ2002 ጀምሮ። ወደ ሱዳን የሚሄደው መስመርም በኛ በጎንደር በኩል ነው የሚያልፈው። እኛ ግን መብራት እንጠብቃለን።

የሰፈሩ ኤሌክትሪሻን
ወገኖች፣ ማመንጨትና ቤት ማድረስ ሁለት ሥራ ነው። ግድቡ ሞልቶ ተርባይኑ እየዞረም የሰፈር ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ወይም ምሰሶ ከወደቀ ጨለማ ነው። ደግሞ አንዱ ምንጭ ሌላውን ይደግፋል። ክረምት ውሃው ይሞላል፣ ፀሐይዋ ግን በደመና ትሸፈናለች። በጋ ላይ ፀሐዩ ይጠነክራል። እነ አዳማና አሸጎዳ የንፋስ ጣቢያዎች የተተከሉትም ከውሃው ጋር እንዲደጋገፉ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንመለስ እህቴ። መጀመሪያ የምትፈልጊውን ኃይል አስይ። ትንሽ ፍሪጅ በቀን እስከ 1,000 ዋት ሰዓት (ዋቱ በሰዓት ሲባዛ) ሊበላ ይችላል። አምፖልና ስልክ ብዙም አይደሉም። 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል። ጄል ከሆነ ግን ከግማሽ በታች ባታወርጂው ይሻላል፣ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ የምትጠቀሚበት 1,200 ገደማ ነው። ሊትየም የሚባለው ባትሪ በዋጋ ይከብዳል፣ ነገር ግን አብዛኛውን ጉልበቱን ይሰጥሻል።

ቀበሌ 18 ያለው ነገር ትልቅ ምልክት ነው። እውነተኛ 200 አምፔር ሰዓት ጄል ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ለሁለት ነው የሚነሳው። በአንድ እጅ ከተንጠለጠለ ውስጡ የተጻፈውን ያህል አይደለም። ከመክፈልሽ በፊት አንሺው።

ኢንቨርተሩን፣ የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት መብራት የሚቀይረውን ማለቴ ነው፣ «ፒዩር ሳይን» የሚባለውን ጠይቂ፤ እሱ ልክ እንደ መስመሩ የተስተካከለ መብራት ይሰጣል። ፍሪጅ ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይስባል፣ ደካማው እዚያው ይጠፋል። ፓነሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ይበል። የዛፍ ጥላ እንዳያርፍበት፤ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። መጋቢት ላይ አቧራውን ጠዋት ሳይግል እጠቢው።

እትዬ አዘዞ
ልጄ፣ እንጀራም ይጋግራል?

የሰፈሩ ኤሌክትሪሻን
አይ እትዬ። ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ይሄ ባትሪ ግማሽ ሰዓት እንኳ በደንብ አይችለውም። ምጣዱን መብራት ሲመጣ ይጠቀሙበት።

የፒያሳ ልጅ
አሁንም ፒያሳ ነው የምለው። ሰውየው ባትሪውን ራሱ ነው ተሸክሞ የሚያመጣልሽ።

ቀበሌ 18
ብቻውን ተሸክሞ ካመጣው እንዳትገዢ!

የማራኪዋ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ እናቴን ይዤ እወጣለሁ። ወንድሜንም አስከትላለሁ፣ ባትሪውን እናነሳዋለን።

ከማክሰኝት
እህት፣ ሦስት ሳምንት ሆነ እኮ። የትኛውን ወሰድሽ? እኔም ለቤት ልገዛ ነው።